ከፈረስ ጋጥ እስከ ድመት ክፍል፦ የቦስተኑ አንጀል የእንስሳት ሆስፒታል እንዴት አደገ

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

የውሻና የድመት ሕክምናን ስለማስፋፋት ሲነሳ ወሬው አብዛኛውን ጊዜ ከመሣሪያ ይጀምራል። ራጅ ይገዛ፣ አልትራሳውንድ ይምጣ፣ ሕንፃ ይሠራ ይባላል። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ቦስተን ከተማ የሚገኘው አንጀል የእንስሳት ሆስፒታል ያደገበት ቅደም ተከተል ከዚህ የተለየ ነው። እንደ ፈረስ ሆስፒታል ጀምሮ ዛሬ ውሻና ድመት ሌት ተቀን ከሚታከምባቸው ትልልቅ ተቋማት አንዱ ሆኗል። ትልቁን ሕንፃ ያገኘው ግን ከተከፈተ ከ61 ዓመት በኋላ ነው። ስሙን ያተረፉለት ሥራዎች አብዛኞቹ የተሠሩት በአሮጌው ቤት ነበር።

ባለሙያዎቹን በስም አንጠራም፤ የሥራ ድርሻቸው ይበቃል። ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መነሻው

በፌብሩዋሪ 1868 ሁለት ፈረሶች ከቦስተን ዳር ከብራይተን ተነስተው እስከ ዉስተር፣ 64 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በአስቸጋሪ መንገድ ተጋለቡ። እያንዳንዱ ሁለት ሰው ተሸክሞ ነበር። ሁለቱም ሞቱ። ወሬውን ያነበበ አንድ የቦስተን ጠበቃ ለጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈ፤ በዚያው ዓመትም በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን የሚከላከለው የማሳቹሴትስ ማኅበር ተቋቋመ።

የዚያን ጊዜ ከተማ ያለ ፈረስ አይንቀሳቀስም። በ1872 መከር የፈረስ ኢንፍሉዌንዛ አሜሪካን ሲያዳርስ ይህ በግልጽ ታየ። በኖቬምበር 9 ቦስተን መሃል እሳት ሲነሳ የእሳት አደጋ ፈረሶች ታመው ስለነበር የውኃ መርጫ ጋሪዎቹን ሰዎች በገመድ እየጎተቱ ነበር የሄዱት። በዚያ ቃጠሎ ከ700 በላይ ሕንፃዎች ወደሙ።

በከተማው ውስጥ የእንስሳት ሐኪም የሚያሠለጥን የሃርቫርድ ትምህርት ቤት ነበር፤ በ1901 ተዘጋ። ጠበቃው በ1909 ሲሞት ማኅበሩ ለመታሰቢያው ሐውልት ሳይሆን ሆስፒታል ለመሥራት ገንዘብ አሰባሰበ። ሆስፒታሉ በ1915 በሎንግዉድ ጎዳና ተከፈተ። ሙሉ ስሙ «የእንስሳት ሆስፒታልና የተመላላሽ ሕክምና መስጫ» የሚል ነበር፤ የመጀመሪያው ተኝተው ለሚታከሙ፣ ሁለተኛው መክፈል ለማይችሉ ባለቤቶች እንስሳት ታስቦ። ቦታው በአጋጣሚም ይሁን በታሰበበት የተዋጣለት ምርጫ ሆነ፤ የሃርቫርድ ሕክምና ትምህርት ቤትና የሰው ሆስፒታሎች በእግር የሚደረስባቸው ጎረቤቶች ነበሩ።

ችግሩ

ሆስፒታሉ የተከፈተው የአሜሪካ ፈረሶች ቁጥር ጣሪያ በነካበት ወቅት ነው፤ በመላ አገሪቱ ከ20 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ያለማቋረጥ ወረደ። የጭነት መኪና በየዓመቱ ከጋሪው ሥራ እየቀማ ነበር። ማለትም ተቋሙ የተሠራለት ታካሚ ከከተማው እየጠፋ ነበር።

ቦታውን ለፈረስ ከማዘጋጀት ለውሻ ወደማዘጋጀት መቀየር በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። የፈረስ ሕክምና የሚጠይቀው ሰፊ በር፣ የማያዳልጥ ወለል፣ ትልቅ የፍሳሽ ማውጫ፣ መቆም ያቃተውን ፈረስ ደግፎ የሚያቆም ማንጠልጠያ ነው። የውሻና የድመት ሕክምና የሚጠይቀው ደግሞ ሙቀት፣ ጸጥታ፣ በርካታ ትናንሽ ማቆያ ሣጥኖች፣ ከሁሉም በላይ አንዱን ከሌላው የሚለይ ግድግዳ ነው። ፈረስ በጋጡ ለብቻው ይቆማል። 30 ውሻ በአንድ ክፍል ሲያድር ግን የአንዱ ሳል የሁሉም ይሆናል።

በዚያ ዘመን ክፍሉን የሚያጠቃው ዲስቴምፐር ነበር። ውሻው በዚህ ቫይረስ ከተያዘበት ቀን አንስቶ ምልክቱ እስኪታይ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይወስዳል። እግሩ ተሰብሮ የገባ ጤነኛ ቡችላ ስብራቱ እየጠገነ ሳለ ዓይኑና አፍንጫው መዝረክረክ ይጀምራል፤ ከዚያም መንዘፍዘፍ ይከተላል። ባለቤቱ «እግሩን ላሳክም ያመጣሁትን ገደላችሁት» ቢል አይፈረድበትም። ችግሩ፣ ቡችላው በሽታውን ይዞት መጥቶም ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሙም ባለቤቱም ማረጋገጥ አይችሉም።

ዕውቀትም እጥረት ነበረው። የዘመኑ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት በፈረስና በከብት ላይ የቆመ ነበር፤ ውሻ በጎን የሚነሳ፣ ድመት ደግሞ «ትንሽ ውሻ» ተብላ የምትታለፍ ነበረች።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ፈረሱን ማስወጣት። ማኅበሩ ፈረስን አልተወም፤ ቦታ ለየለት። በ1917 በሜቱዌን ከተማ በስጦታ ያገኘውን እርሻ ለደከሙ የሥራ ፈረሶች ማረፊያ አደረገው። የከተማው ሆስፒታል ደግሞ ቀስ በቀስ የውሻና የድመት ሆነ። ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር አጨናንቆ የማቆየት ፈተና በዚህ መልኩ ቀለለ።

ስብራት። ፈረሱን ከመንገድ ያስወጣው መኪና የተገጩ ውሾችን ወደ ሆስፒታሉ ማምጣት ጀመረ። በ1930ዎቹ የሆስፒታሉ አንድ ቀዶ ሐኪም ለሰው እግር የተሠራውን የቶማስ ስፕሊንት የሚባል የስብራት መደገፊያ ለውሻና ለድመት አስተካከለው። አሠራሩ ይህን ይመስላል። ከአሉሚኒየም ዘንግ በእንስሳው ጭን ልክ ቀለበት ይታጠፋል፤ ቀለበቱ በጥጥና በፋሻ ይጠቀለላል፤ የታችኛው ግማሹ ብሽሽትን እንዳይቆርጥ ወደ ውስጥ ይዘነብላል። ከቀለበቱ የሚወርዱት ሁለት ዘንጎች በእግሩ ፊትና ኋላ አልፈው ከጣቶቹ በታች ይገናኛሉ። ጣቶቹ በፕላስተር ከታችኛው ጫፍ ጋር ይታሰራሉ፤ የእግሩ ክፍሎች ደግሞ በፋሻ ወደፊትና ወደኋላ ይሳባሉ። እግሩ በራሱ ውጥረት ይቆማል፤ እንስሳውም በብረቱ እየተደገፈ ይራመዳል።

ለዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነበር። ከዚያ በፊት የተሰበረ እግር ይዞ የመጣ ውሻ ብዙ ጊዜ በጀሶ ይጠቀለላል ወይም እንዲሞት ይደረጋል። ስፕሊንቱ በየቀኑ ካልታየ ግን ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። የጣት እብጠት፣ መጥፎ ሽታ፣ በብሽሽት ላይ የሚፈጠር ቁስል፣ በወንድ ውሻ ደግሞ በሽንት የራሰ ጥጥ በየቀኑ መታየት አለባቸው።

ራጅ። በ1935 የዚሁ ሆስፒታል ሐኪም በትልልቅ ውሾች ላይ የሚታየውን የዳሌ መገጣጠሚያ መላላት በራጅ አይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ገለጸ። ዛሬ «ሂፕ ዲስፕላዢያ» የምንለው ነው። ከዚያ በፊት እነዚህ ውሾች በቁርጥማት የሚያነክሱ እየተባሉ ይታለፉ ነበር። ልብ በሉ፣ ራጅ በዚያን ጊዜ በብዙ ቦታ ነበር። ልዩነቱ የመጣው ፊልሞቹ ተቀምጠው፣ ተመሳሳዮቹ ጎን ለጎን ተደርድረው በመታየታቸው ነው። አንድ ፊልም አንድ አንካሳ ውሻ ነው፤ 20 ፊልም ግን በሽታ ነው።

የሬሳ ምርመራ። በእኛ ግምት ሆስፒታሉን ሆስፒታል ያደረገው ይህ ክፍል ነው። በ1940ዎቹ የፓቶሎጂ (በሽታ በሰውነት ላይ ያደረሰውን ለውጥ የሚመረምር ዘርፍ) ላቦራቶሪው ኃላፊ ለእንስሳት ሐኪሞች የላቦራቶሪ ምርመራ መመሪያ መጽሐፍ እስከማዘጋጀት ደረሰ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በዘርፉ ዋና ከሚባሉት የፓቶሎጂ መማሪያ መጻሕፍት የአንዱ ደራሲ ክፍሉን መሩት። የሰው ሆስፒታሎቹ ጉርብትና እዚህ ላይ ፍሬ አፈራ።

ይህ ሥራ ርካሽ ነው፤ ሥርዓት ግን ይፈልጋል። ሬሳው በሰዓታት ውስጥ መከፈት አለበት፤ ሆድ ዕቃው መበስበስ ከጀመረ የሚታየው የበሽታው ሳይሆን የብስባሹ መልክ ነው። ወዲያው መክፈት ካልተቻለ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ በበረዶ አይደርቅም፤ በረዶ ሕዋሱን ይሰብረዋል። ናሙናው ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ውፍረት ሊኖረው አይገባም፤ ካለው ፎርማሊኑ (ሥጋው እንዳይበሰብስ የሚጠብቀው ፈሳሽ) መሃሉ ሳይደርስ ከውስጥ ይበሰብሳል። 10 በመቶ ፎርማሊን በናሙናው መጠን 10 እጥፍ ይፈስበታል። ብዙ ክሊኒኮች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው፤ ጠርሙሱን በሥጋ ሞልተው ላዩ ላይ ጥቂት ፎርማሊን ያንጠባጥባሉ። ሌላው የሚረሳው ካርዱ ነው። በአልጋው፣ በራጁና በናሙናው ላይ ያለው ቁጥር አንድ ካልሆነ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ «ይህን የመሰለ ጉዳይ አይተን ነበር» ለማለት የሚቻለው በትዝታ ብቻ ነው።

ወጣት ሐኪሞች። በ1940 ሆስፒታሉ በአገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነውን የኢንተርን ፕሮግራም ጀመረ። አዲስ የተመረቀ ሐኪም እየተከፈለው በየክፍሉ እየዞረ፣ በአንጋፋ ሐኪሞች ሥር ይሠራል። ጥቅሙ ሁለት ወገን ነው፤ ሆስፒታሉ የአዳር ተረኛ ያገኛል፣ ወጣቱ በግል ክሊኒክ በብዙ ዓመት የማያየውን ብዛት በአጭር ጊዜ ያያል። በክልሉ ዛሬ ያለው የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት የተቋቋመው በ1978 ስለሆነ፣ ሆስፒታሉ ለብዙ ዓመታት የትምህርት ቤትን ሥራ ከፊሉን ሠርቷል።

ድመት። በ1950 ቀድሞ የላቲን ቋንቋ ምሁር የነበረች ሴት ሐኪም ሆስፒታሉን ተቀላቀለች። የሥራ ዘመኗን ለድመት ሰጠች፤ ያኔ ይህ እንደ ቀልድ የሚታይ ምርጫ ነበር። በ1963 በድመቶች ሆድና ደረት ውስጥ ወፍራም ቢጫ ፈሳሽ እየሞላ የሚገድለውን በሽታ በጽሑፍ ገለጸች፤ ዛሬ ተላላፊ የሆድ ዕቃ ሽፋን ብግነት የሚባለው ነው። በ1980 ደግሞ ከባልደረቦቿ ጋር የታይሮይድ ዕጢያቸው ከልክ በላይ የሚሠራ 10 ድመቶችን ታሪክ አሳተመች። ኒውዮርክ ያለ ሌላ ሆስፒታል ከአንድ ዓመት በፊት ተመሳሳይ ዘገባ አውጥቶ ነበር።

ይህኛው በሽታ የሬሳ ምርመራና የአልጋ ዳር ምርመራ ሲገናኙ ምን እንደሚገኝ ያሳያል። ያረጀች ድመት እንደ ተራበ ጅብ እየበላች ትከሳለች፤ ልቧ ይፈጥናል፤ ጠባይዋ ይቀየራል። ቀድሞ «እርጅና ነው» ወይም «ኩላሊት ነው» ይባል ነበር። ዛሬ ሐኪሙ ጭንቅላቷን ቀና አድርጎ በጉሮሮዋ ግራና ቀኝ ሁለት ጣቱን ከላይ ወደ ታች ያንሸራትታል፤ የምታመልጥ ትንሽ ጓል ካገኘ በደሟ ያለውን የታይሮክሲን፣ የታይሮይድ ዕጢው የሚያመነጨውን ሆርሞን፣ መጠን ያስለካል። በመድኃኒት፣ በራዲዮአክቲቭ አዮዲን ወይም በቀዶ ሕክምና ይታከማል። ቀዶ ሕክምናው ላይ የሚበላሸው በዕጢው ላይ የተጣበቁት፣ የካልሲየምን መጠን የሚቆጣጠሩት ጥቃቅን የፓራታይሮይድ ዕጢዎች አብረው ሲወጡ ነው። ድመቷ በሰላም ትነቃለች፤ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ግን ካልሲየሟ ወርዶ ፊቷ መንዘር፣ ሰውነቷ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በዚያው ዕለት ወደ ቤት መላክ የሌለባት ለዚህ ነው።

አዲሱ ቤት። በ1976 ሆስፒታሉ ጃማይካ ፕሌይን ወደተባለው ሰፈር፣ ሳውዝ ሀንቲንግተን ጎዳና ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ የልብ፣ የነርቭ፣ የካንሰር፣ የዓይን ስፔሻሊስቶች ተጨመሩ፤ የ24 ሰዓት ድንገተኛ ክፍልም የሆስፒታሉ መለያ ሆነ።

ያልሠራው

ስፕሊንቱ ለሁሉም ስብራት መዋሉ ስህተት ነበር። ከጉልበት በታችና ከክርን በታች ላለ ስብራት ያገለግላል። የጭን አጥንት ሲሰበር ግን ቀለበቱ የሚያርፈው ስብራቱ ላይ ወይም ከእሱ በታች ነው፤ ስለዚህ ማረጋጋቱ ቀርቶ እንደ መፈንቅል ስብራቱን ያንቀሳቅሰዋል። ውጤቱ የማይገጥም አጥንትና የደረቀ ጉልበት ነው። ለዚህ መልሱ በአጥንቱ ውስጥ የሚገባ ፒንና የብረት ሰሌዳ ሆነ። ዛሬም በእጅ ባለው ነገር ለመሥራት የሚገደድ ሐኪም ይህን ወሰን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

በሽታን መግለጹ ከሕክምናው በጣም መቅደሙ ሁለተኛው ችግር ነው። በ1963 የተገለጸው የድመቶች በሽታ የሚሠራ መድኃኒት ለማግኘት ከ50 ዓመት በላይ ፈጀበት፤ የፀረ ቫይረሱ ተስፋ ሰጪ ውጤት የወጣው በ2010ዎቹ መጨረሻ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሐኪሞች ስሙን እየጠሩ ከመሸኘት በቀር የሚያደርጉት አልነበራቸውም።

ተላላፊ በሽታን በግድግዳ ብቻ መከላከል አልተቻለም። የዲስቴምፐር ክትባት ተስፋፍቶ ክፍሎች ሲረጋጉ በ1978 የውሻ ፓርቮ ቫይረስ በዓለም ተሰራጨ፤ የትኛውም የውሻ ሆስፒታል አላመለጠም። ፓርቮ በወለል ላይ ለወራት ይቆያል፤ አልኮልና አብዛኛው ተራ ማጽጃ አይገድለውም። የሚገድለው በረኪና ነው፤ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውኃ፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ። ዘወትር የሚበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው። ክሎሪን ዓይነ ምድርና ደም ሲያገኝ ኃይሉን እዚያ ይጨርሳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ፣ ተጠርጎ፣ ከዚያ ነው በረኪናው። ትናንት የተበጠበጠ በረኪናም ለዛሬ አይታመንም። ሠራተኛው ቀኑን የሚጀምረው ካልታመሙት ቡችላዎች ነው፤ ተላላፊ ክፍሉ መጨረሻ ይታያል።

ገንዘቡ እስከ ዛሬ አልተፈታም። በጎ አድራጎት ድርጅት የሚያካሂደው ሆስፒታል ከሁለት ወገን ይወቀሳል፤ የግል ሐኪሞች «ገበያ አበላሸብን» ይላሉ፣ ባለቤቶች «በጎ አድራጎት ተብሎ ይህን ያህል ያስከፍላል?» ይላሉ። ስፔሻሊስትና የሌሊት አገልግሎት ሲጨመር ዋጋው ወደ ላይ ይሄዳል፤ የድሃው ተመላላሽ ክፍል በስሙ የነበረበት ተቋም ለድሃው ውድ ይሆናል። የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ የማኅበሩን የተጠራቀመ ሀብት ሲጎዳ በ2009 የተዘጉት ሦስት የእንስሳት መጠለያዎች ናቸው፤ ሆስፒታሉ ተረፈ። በኋላ የተሻለ የሠራው በአንድ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ግቢ፣ በናሾባ፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ባለቤቶች በቅናሽ የሚያክም ክሊኒክ መክፈት ነበር። ተማሪዎቹ ሥራ ይለማመዳሉ፣ ቤቱም ከትልቁ ሆስፒታል ወጪ ነፃ ነው።

ወደ ሌላ ቦታ የሚወሰደው

የ24 ሰዓት አገልግሎት ማስታወቂያ ከመለጠፍ በፊት ይህ ሒሳብ ይሠራ። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። አንድ ሐኪም በሳምንት 42 ሰዓት ቢሠራ አንድ ወንበር ሌት ተቀን ለመሙላት 4 ሐኪም ያስፈልጋል፤ ፈቃድና ሕመም ሲታሰብ 5። በ2 ሐኪም የተጀመረ የሌሊት አገልግሎት ዕድሜው አጭር ነው። ኢንተርን ቀዳዳውን ይሸፍናል፤ ሲደወልለት የሚነሳ አንጋፋ ሐኪም ከሌለ ግን ሥልጠናው ርካሽ ጉልበት ብቻ ይሆናል።

የካርድ ቁጥር፣ የተቀመጠ ራጅና የሬሳ ምርመራ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ ይቀድማሉ። ለሬሳ ምርመራ ፈቃድ የሚጠየቀው እንስሳው ሲገባ በሚፈረመው ቅጽ ላይ ነው፤ ባለቤቱ እያለቀሰ ሳለ መጠየቅ ሁልጊዜም «አይሆንም» ያስብላል።

የቦስተን የ1915 ሁኔታ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በ1979 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍል በሚገኝበት ቢሾፍቱ፣ የጋሪ ፈረስና አህያ በነፃ የሚያክሙ የውጭ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ለዓመታት ሠርተዋል፤ በከተሞቻችን ጎዳና ላይ ደግሞ ባጃጅ የጋሪውን ሥራ ወስዷል። ለጋሪ ፈረስ የተሠለጠነ እጅ ቀጥሎ የሚመጣበትን ታካሚ ከወዲሁ ማሰብ ይችላል።

አንድ ነገር ግን ከቦስተን እንዳለ አይወሰድም። እኛ ዘንድ የእብድ ውሻ በሽታ አለ። ጠባዩ ተቀይሮ፣ ምራቁ እየተዝረበረበ ወይም ሽባ ሆኖ የሞተ ውሻ፣ ወይም ሰው ነክሶ የሞተ ውሻ፣ በክሊኒኩ ጠረጴዛ ላይ ራስ ቅሉ አይከፈትም። አንገቱን የሚቆርጠው ቀድሞ የተከተበ ሰው ነው፤ ድርብ ጓንት፣ የዓይንና የአፍ መከላከያ ያደርጋል፤ መጋዝ ደቃቅ ብናኝ ስለሚረጭ በቢላ በመገጣጠሚያው ይለያል። ጭንቅላቱ ፈሳሽ በማያሳልፍ ሁለት ከረጢት ታስሮ፣ በበረዶ ተከቦ፣ ማን እንደተነከሰና መቼ እንደሞተ የሚገልጽ ወረቀት ከውጭ ተለጥፎበት ወደ ኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይላካል። የተነከሰው ሰው ደግሞ ውጤቱን ሳይጠብቅ ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል።